ሽታ የያዘ እጅ

በማራሙሬሽ ሸለቆ ሣሩ ታጭዶ ካለቀ፣
ማጭዱም ጣራ ሥር ተሰቅሎ፣ ድርቆሹ በረት ከዘለቀ፣
በተላጨው መስክ ላይ፣ በመስከረም ማለዳ፣
ብቻዋን ብቅ ትላለች፤ ያለ ቅጠል፣ ያለ ግንድ፣ ያለ ዕዳ።
ስድስት ሐምራዊ ከንፈር፣ መሀሉ ብርቱካን አቧራ፣
አንገቷ ነጭ እንደ ሻማ፣ ነፋስ ሲነካት የሚፈራ።
ወሩን ብትጋራም ከአደይ፣ ለበዓል አትቀጠፍም፤
ላም እንኳ ታውቃታለችና ምላሷን እላይዋ አታሳርፍም።
የመንደሩ ሰዎች ስሟን ሲጠሩ ይሳሳቃሉ፤
«ራቁቷን የወጣች» ይሏታል፣ ወዲያው ያማትባሉ።

እኔን ግን የሚገርመኝ የአወላለዷ ነገር፤
አበባዋ በዘንድሮ፣ ልጇ ግን በከርሞ አገር።
ክረምቱን ከበረዶ ሥር ፅንሷን በጨለማ ደብቃ፣
ሚያዝያ ላይ ትነሣለች፣ ልጇን በቅጠል ጠቅልላ፣ አጥብቃ።

ያን ጊዜ ነው ጉዱ።

በዚያው ወር፣ በዚያው ጥላ፣ በዚያው የወንዝ ዳር
የጫካ ነጭ ሽንኩርት ይበቅላል፤
ቅጠሉ እንደ ቅጠሏ ሰፊ፣ እንደ ቅጠሏ የሚያብረቀርቅ።
ጎመን በጨው ያሰለቸው ሕዝብ ቅርጫቱን ይዞ ይወጣል።

ሳቬታ ሠላሳ ዓመት ከገበያ ተቀምጣ ሸጣለች፤
እህቷን ራፊላን ለቀማ ያስተማረች እርሷው ነች።
«ዓይን ይዋሻል» ትላት ነበር፣ «ቅጠል ከቅጠል ይመሳሰላል፤
ጨምቂና አሽትቺው፤ ሽንኩርት እንደሆነ ሳይጠየቅ ያወራል።»

እውነቷን ነበር።
እስከ ሃያኛው ቅጠል ድረስ እውነቷን ነበር።
ከዚያ በኋላ ጣት ራሱ ሽንኩርት ሆነ።
ራፊላ የነካችው ሁሉ፣ ጠጠሩም፣ የቅርጫቱ እጀታም፣
የአንገቷ መስቀልም ሽንኩርት ሸተተ፤
እጇ ለማያውቀው ቅጠል መሰከረ፣
ያለ ጉቦ፣ ያለ ክፋት።

ሾርባው ጣፈጠ።
የሚያሳዝነውም ይኸው ነው፤ ጣፈጠ።

ይህች አበባ አትቸኩልም።
እንደ እባብ ነድፋ አትሮጥም።
ሳህንሽን ታጥቢያለሽ፣ ጸሎትሽን ታደርሻለሽ፣ ትተኛለሽ፤
ሌሊት ጉሮሮሽ ይቃጠላል፣ ሆድሽ ይገለበጣል፤
በማግስቱ ደግሞ የተሻለሽ ይመስልሻል፤
ፀጉርሽን ታበጥሪያለሽ፣ ስለ ዶሮዎቹ ትጠይቂያለሽ።
የባያ ማሬ ሐኪም ግን አንገቱን ደፍቶ
«ማርከሻ የለውም» ይላል ለእህትሽ፣ በኮሪደር።

አራት ዓመት ሆነው።
አሁን የሳቬታ ባል፣ ቶዴር፣ የእግሩ አውራ ጣት ሲያብጥ፣
አንሶላ እንኳ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሲከብደው፣
ከመሳቢያ ታወጣለታለች
የምስር ፍሬ የምታህል ክኒን፣
ከዚያችው አበባ የተቀመመች።
«መድኃኒት ሰጡት» ሲባል
«ዳነ ወይስ ሞተ?» ብለን የምንጠይቅ ሰዎች
ይሄ አይገርመን ይሆናል።
እሷ ግን ሁለት ጊዜ ትቆጥራለች፣ አንዷን ክኒን።

ገበያም አልቀረችም።
ሰዎች መለያውን ሲጠይቋት አፍንጫዋን አትነካም፤
«ከሥሩ ያዙት» ትላለች፣
«ሽንኩርቱ ቅጠል ቅጠሉ በየራሱ እግር ይቆማል፤
የዚያችኛዋ እግር የላቸውም፣ ተቃቅፈው ነው የሚወጡ፤
ገለጥ አድርጉ፤ መሀላቸው ልጅ ካለ
አስቀምጡት። እጃችሁን ታጠቡ። ወደ ቤት ሂዱ።»
ያልገዛውንም ሰው እንዲህ ብላ ነው የምትሸኘው።

በመስከረም፣ ሣሩ ከታጨደ በኋላ፣
በራፊላ መስክ ላይ ወጣች፤
አንድ ሳይሆን ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ሐምራዊ ጉባኤ።
ቶዴር በከዘራው ሊመታ ሲል ክንዱን ያዘችው።
ጎንበስ ብላ አንዷን አሸተተች፤
ምንም።
ከዚያ እጇን።